የጉሌድ አክታ በእኔ ስም

አክታ አምጡ ተብላችሁ፣ ዕቃ ተሰጥቷችሁ፣ አልወጣ ካላችሁ አልወጣም በሉ። አምስት ጊዜ ቢያመላልሷችሁም፣ ነርሷ በሰው ፊት ብትቆጣችሁም፣ አልወጣም ብላችሁ ድርቅ በሉ። ምክሬ ይኸው ነው፤ የቸኮለ እዚህ ላይ ማቆም ይችላል። ጊዜ ያለው ደግሞ እኔ ድርቅ ማለት አቅቶኝ የሆነውን ይስማ።

ጌትነት እባላለሁ። ድሬዳዋ ተወልጄ ያደግሁ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ባቡር ሲጠግን ኖሮ እኔን ሳያስቀጥር ጡረታ ወጣ፤ ከሱ የወረስኩት ጮክ ብሎ ማውራት ብቻ ነው። እሱም ለሥራዬ ጠቀመኝ። ሃያ ስድስት ዓመት «ፍራሽ አዳሽ!» እያልኩ ሰፈር ለሰፈር ዞሬአለሁ። ለማያውቅ ላስረዳ፤ ተኝተውበት የጠጠረውን የጥጥ ፍራሽ ስፌቱን እፈታለሁ፣ ጥጡን ግቢ ውስጥ ሸራ ላይ አወጣዋለሁ፣ በዱላ እየመታሁ አፍታታዋለሁ፣ ከዚያ መልሼ ሞልቼ እሰፋዋለሁ። ድሬ ሙቀት ስለሆነ ሰው ግቢ ውስጥ አንጥፎ ያድራል። ፍራሹ ላብ ይጠጣል፣ ዝናብ ሲመጣ ይርሳል፣ ይሻግታል። ዱላው ሲያርፍበት የሚነሳው ብናኝ ውስጥ የሕፃን ሽንት አለ፣ የሽማግሌ ትምባሆ አለ፣ የባልና ሚስት ጠብ አለ። እኔ ያን ሁሉ ሃያ ስድስት ዓመት ወደ ውስጥ ስስብ ኖርኩ። አፍንጫዬን በጨርቅ ሸፍኜ ልሥራ ብልማ ፍራሽ አዳሽ ሁሉ ይስቅብኝ ነበር።

ሳሉ ሲጀምረኝ ደረቅ ነበር። ምንም አይወጣውም፤ ዝም ብሎ ያንቀጠቅጠኛል። ከሥራ ስመለስ ሰውነቴ ይተኩሳል፣ ብርድ ብርድ ይለኛል፣ ደረቴ ይጨንቀኛል። እሑድ ሥራ ስለሌለኝ ይሻለኛል። ይህችን እሑድ ልብ ብትሉልኝ ጥሩ ነው፤ እኔም ሐኪሞቼም ሁለት ዓመት ሙሉ ልብ አላልናትም።

መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ብርድ ነው አሉኝ። ድሬ ላይ፣ በሚያዝያ፣ ብርድ! ሁለተኛው ታይፎይድ ነው አለ፤ መቼም እኛ ሀገር ክሊኒክ ገብቶ ታይፎይድ ሳይባል የወጣ ሰው የለም። ሦስተኛው የሳንባ ምች ብሎ አሥር ቀን መርፌ ወጋኝ፤ ያን አሥር ቀን ሥራ ስላልወጣሁ ተሻለኝና ሐኪሙን መርቄ ተመለስኩ። በሳምንቱ ባሰብኝ። ባለቤቴ ብዙነሽ ቀፊራ ሽንኩርት ትሸጣለች፤ ከገበያ በተመለሰች ቁጥር አንድ አዲስ መድኃኒት ተነግሯት ነው የምትመጣው። የግመል ወተት አጠጣችኝ፣ ጥቁር አዝሙድ በማር አላሰችኝ፣ ጸበል ወሰደችኝ። ሳሌ ግን ከነነፍሱ ነበር። ግቢ ውስጥ ስለምንተኛ ጎረቤቱ ሁሉ አብሮኝ ያድራል፤ ጠዋት «እንዴት አደርክ?» ሳይሆን «ዛሬ ደግሞ ቀሰቀስከን» ነበር ሰላምታዬ።

አራተኛው ክሊኒክ ራጅ አነሳኝና ሳንባዬ ላይ ጥላ አየ። ጥላውን አይቶ ፊቱን አጠቆረና ለቲቢ ምርመራ ወደ ጤና ጣቢያ ጻፈልኝ። ቲቢ ማለት ያው ድሮ ሳንባ ነቀርሳ የምንለው ነው።

የጤና ጣቢያው መጠበቂያ ኒም ዛፍ ሥር የተደረደረ አግዳሚ ወንበር ነው። ጥላው ደስ ይላል፤ እዚያ ቦታ ደስ የሚል ሌላ ነገር የለም። ክዳን ያላት ትንሽ ዕቃ ሰጡኝና ከደረትህ አውጣ አሉኝ። ጓሮ ሄጄ አክ አክ አልኩ፣ ዓይኔ እስኪቀላ ሳልኩ፤ የወጣው ምራቅ ነው። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አናውቅም፤ የልጄ ታናሽ የምትሆነው ነርስ ዕቃውን ወደ ብርሃኑ አንሥታ አየችና፣

«ጌትነት፣ ይሄ እኮ ምራቅ ነው አቦ! ነገ ጠዋት ተመለስ!» አለችኝ፣ አግዳሚው ሁሉ እየሰማ።

በማግስቱም ምራቅ ሆነ። በሦስተኛውም ቀን። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ምራቅና አክታ የማይለይ ተብዬ ቅስሜ ተሰበረ። ደግሞ ይህን ምርመራ ሳላልፍ ሌላ ምርመራ የለም፤ መዝገቤ ከዚያች ዕቃ በኋላ ነው የሚሄደው።

ጉሌድን ያገኘሁት እዚያው ወንበር ላይ ነው። ሱማሌ ነው፤ ከመልካ ጀብዱ ሽንኩርትና ፓፓያ በአይሱዙ እየጫነ ቀፊራ ያራግፋል። ሰፊ ትከሻ፣ የሚያስተጋባ ሳቅ፣ ከጎኑ የማይጠፋ ጫትና ሲጋራ። ይስላል፤ ሲስል ግን እንደ ሰው ነው፣ የሚወጣ ነገር አለው። እሱ ወረፋ ሳይደርሰው እየተመለሰ፣ ሦስቱን ቀን አብረን ስንጠብቅ ወዳጅ ሆንን። ድሬ ላይ ለወዳጅነት ከዚያ በላይ ጊዜ አይፈጅም።

«ዋሪያ ጌትነት፣ ዛሬም ምራቅ ነው?» አለኝ በአራተኛው ቀን።

«ዛሬም። አንተ ይህን ሁሉ ታወጣለህ፤ ለእኔም ጣል አድርግልኝ እንጂ» አልኩት።

እንግዲህ እዚህ ላይ የሌላ አገር ሰው ይደነግጥ ይሆናል። እኛ ዘንድ ግን የጎደለውን ከአጠገቡ ካለ ሰው መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ጨው ቢሆን፣ ወንበር ቢሆን፣ ጀነሬተር ቢሆን። የተጠየቀም የለኝም አይልም። ከተማችን በዚህ ትመካለች፤ እኔም እመካበት ነበር።

ጉሌድ እስኪያስለው ሳቀ። «ወላሂ፣ ይሄን የሚለምን ሰው ዛሬ ገና አየሁ! አምጣ ዕቃህን።»

ጓሮ ሄድን። ከእኔ ዕቃ ጀመረ። የማለዳውን፣ ከደረቱ ሥር የተነቀለውን ወፍራሙን ለእኔ ሰጠኝ። ከዚያ በራሱ ዕቃ ላይ ብዙ ታገለ፤ የመጣለት ግን አረፋ ነበር። እኔ ደግሞ ነገሩ ቀፈፈኝና፣ የራሴም ይኑርበት ብዬ በላዩ ምራቄን ጠብ አደረግሁበት። ይህን ያደረግሁት ለሕሊናዬ ነው፤ አጭበረበርኩ እንዳልል።

«አየህ? ስትፈልግ ታመጣለህ!» አለችኝ ነርሷ። የጉሌድን ግን ቀና ብላ እንኳ አላየችውም፤ ሰልፉ በዝቶባት ነበር፣ ተቀበለችው።

ምን አስበህ ነው ትሉኝ ይሆናል። ክፉ አላሰብኩም። ጉሌድ እኮ ወፍራም ነው፣ ይስቃል፣ ይበላል፤ ሳሉ የሲጋራ መስሎኝ ነበር። ዕቃው ንጹሕ ነው ይባላል፣ ወደሚቀጥለው ምርመራ ያሳልፉኛል፣ በቃ። እንደ በር ነበር የቆጠርኩት፤ ሌላ ሰው ቢከፍትልኝ ምን ነውር አለው?

ውጤቱ ሲመጣ እኔ ቲቢ አለብህ ተባልኩ። ጉሌድ የለብህም ተባለ።

ጉሌድ ደስታውን ትቶ እኔን አቅፎ «አብሽር፣ ይድናል፣ አላህ አለ» ይለኝ ጀመር። እኔ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ውስጤ ቀለል አለው። ሁለት ዓመት ስም ያጣው ሕመሜ ስም አገኘ። ወዲያው ደግሞ ጭንቅላቴ ሒሳቡን ሠራው፦ አክታው የጉሌድ ነው፣ ጉሌድ ግን ነጻ ነው፣ ስለዚህ ጀርሙ ያለው እኔ ጠብ ባደረግኋት ምራቅ ውስጥ ነው። ሒሳቡ አማረኝ። ነርሷ ሁለት እርምጃ ርቃ ቆማ ነበር፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። አፍሬ ዋጥኩት።

ስድስት ወር በየቀኑ ኪኒን ወሰድኩ። ሽንቴ ቀላ፣ ጉልበቴ ተቆረጠመ፣ ምግብ ሲሸተኝ ያቅለሸልሸኝ ነበር። ብዙነሽ ኩባያዬን ለየች፤ ሰማያዊ የፕላስቲክ ኩባያ ገዛችልኝና «እንዳይከፋህ፣ ለልጆቹ ብዬ ነው» አለችኝ። አልከፋኝም አልኳት፣ ከፍቶኛል። አልጋም ለየች። ወሬው ሰፈር ገባና ፍራሽ የሚሰጠኝ ጠፋ፤ ቲቢ ያለበት ሰው የደበደበው ጥጥ ላይ ማን ይተኛል? ዱላዬ ግድግዳ ተደግፎ ቀረ፣ እኔም ቤት ተቀምጬ ቀረሁ።

እና ተሻለኝ! ሳሉ ጠፋ፣ ትኩሳቱ ጠፋ። መድኃኒቱ ሠራ ተባለ። ከጥጥ ስለራቅሁ መሆኑን ማን ያስበዋል? መሐል መሐል አክታ ሲጠይቁኝ አልወጣ አለኝ፤ «የሚድን ሰው አክታ የለውም» ብለው አለፉኝ። ነርሷ ለሌሎች ታማሚዎች እንደ ምሳሌ ታሳየኝ ነበር።

በሦስተኛው ወር ጉሌድ ሊጠይቀኝ መጣ። በአንድ እጁ ፓፓያ፣ ትከሻው ላይ ደግሞ የአራት ዓመት ልጁ ኢፍራህ። ገና ሳትወርድ «ፍራሹ የታለ?» አለችኝ፤ አባቷ ፍራሽ የሚገርፍ ሰው ቤት እንሄዳለን ብሏት ኖሯል። ፍራሽ ስታጣ ሸራው ላይ ተንከባለለች። ብዙነሽ ለጉሌድ ሻይ በብርጭቆ፣ ለእኔ በሰማያዊው ኩባያ አቀረበች። ልጅቷ ከአባቷ እየተሻማች ጠጣች፤ ጭኑ ላይ ተቀምጣ፣ እሱ ሲስል ጀርባውን በትንሽ እጇ እየመታች።

«ጌትነት፣ አንድ ነገር ይገርመኛል» አለኝ ጉሌድ። «አክታው የኔ ነው። ከአንድ አፍ ነው የወጣው። ያንተ ቲቢ አለው፣ የኔ የለውም። እንዴት ነው ይሄ ነገር?»

«እኔም እኮ ምራቄን ጨምሬበታለሁ።»

«ትንሽ ናት አቦ፣ አይቼሃለሁ።»

«ትንሿም ትበቃለች። ጀርም በዓይን አይታይም።»

«ሃዬ» አለና አሰበ። ከስቷል፤ ሸሚዙ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል። «ሄጄ ልንገራቸው እንዴ? ደግሜ ብመረመር?»

ክው አልኩ። ማጭበርበሬን ካወቁ መድኃኒቱን የሚከለክሉኝ መሰለኝ፤ ገና መዳን መጀመሬ ነው። «ተው በእናትህ፣ መድኃኒቴን ታስነጥቀኛለህ» አልኩት።

«ወላሂ አልናገርም» አለ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። ዝም ብሎ ሌላ ቦታ ቢመረመር እኔን ምን ይነካኝ ነበር? ይህ ለሁለታችንም አልታየንም፤ ወይም ለእኔ ታይቶኝ አልነገርኩትም። አሁን መለየት ያቅተኛል።

መድኃኒቱን ጨርሼ ድነሃል ተባልኩ። ብዙነሽ ሰማያዊውን ኩባያ ጣለችው። ፍራሽም መጣ፤ የድሬ ሰው ቂም አይዝም፣ ፍርሃትም አያቆይም። ከስድስት ወር በኋላ የመጀመሪያውን ፍራሽ ስመታ ዘፈን እየዘፈንኩ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ከግቢያችን እስከ መንገዱ ድረስ መሄድ አቃተኝ። ከበፊቱ ባሰ፤ ጫማ ለማሠር ጎንበስ ስል የምሞት ይመስለኛል። አገርሽቶበት ይሆናል ተብሎ ወደ ሆስፒታል ተላክሁ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ያን ጊዜ ጥናት ነበር። የቲቢ መድኃኒት ጨርሰው ትንፋሽ የሚያጥራቸውን ሰዎች እየመዘገቡ፣ ሳንባቸው ምን ያህል እንደተጎዳና ኑሯቸው እንዴት እንደሆነ ይከታተላሉ። የምትመራው ዶክተር ሜሮን የምትባል ወጣት ሐኪም ናት። ከአዲስ አበባ ስለመጣች አንቱ ትለኛለች፤ መጀመሪያ ሌላ ሰው ከኋላዬ የቆመ መስሎኝ ዞር አልኩ። ቱቦ ውስጥ አስተነፈሰችኝ፣ በኮሪደሩ ላይ ስድስት ደቂቃ አስኬደችኝ። ስድስት ደቂቃ ሙሉ ወዲያና ወዲህ መሄድ ነው፤ ምን ያህል እንደሄድክ ይለካል። እኔ ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ።

«የሥራ ቀን ይብስብዎታል ወይስ የእረፍት ቀን?» አለችኝ።

በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ስለ እሑድ የጠየቀኝ ሰው እሷ ብቻ ናት። ስለ ጥጡ ነገርኳት። ራጁን ደጋግማ አየችና እንዲህ አለችኝ፦ «ይህ የቲቢ ጠባሳ አይመስልም። የጥጡ ብናኝና ሻጋታ ሳንባዎን ያስቆጣው ይመስለኛል። የተቆጣ ሳንባ ያብጣል፤ ከቆየ ደግሞ እየደረቀ ይሄዳል፣ ያኔ መመለሻ የለውም። ስቴሮይድ የሚባል ቁጣውን የሚያበርድ ኪኒን አለ። ግን ይኸው ኪኒን የተኛ ቲቢ ይቀሰቅሳል። መዝገብዎ ደግሞ በላብራቶሪ የተረጋገጠ ቲቢ ይላል። እጄን ያሰረኝ ይህ ነው። ስለዚያ የአክታ ምርመራ የሚያስታውሱት ነገር አለ?»

«የለም» አልኩ።

አዎ፣ የለም አልኩ። የፈቃደኝነት ቅጽ ላይ ፈርሜ፣ እውነት እናገራለሁ ብዬ፣ በዚያው አፌ የለም አልኩ። በእኔ መዳን የምትኮራው የጤና ጣቢያዋ ነርስ ፊቴ ድቅን አለች፣ ስድስት ወር የዋጥኩት የመንግሥት መድኃኒት መጣብኝ፣ ሰፈሩ መጣብኝ፤ የሰው አክታ የለመነ ፍራሽ አዳሽ! ሌላ ምርመራ ልጨምር፣ በአሥራ አምስት ቀን ይመለሱ አለችኝ። ያን አሥራ አምስት ቀን ሆድ ይፍጀው ብዬ ቤቴ ተቀመጥኩ። ቁጭ ብዬ ነው የምተኛው። ብዙነሽ በካርቶን ታራግብልኛለች፤ ገበያ ውላ መጥታ፣ እጇ እስኪዝል። አንድም ቀን ስለ ጉሌድ አላሰብኩም። ያሰብኩት ስለ ትንፋሼ ነው።

ስመለስ ኮሪደሩን ሁለት ደቂቃ ሳልሄድ ወደቅሁ። ኦክስጅን አፍንጫዬ ላይ እንዳለ ነገርኳት። ለጉሌድ ብዬ አይደለም፤ ኪኒኑን ፈልጌ ነው። ይህን የምጽፈው ማንም እንዳያሞግሰኝ ነው።

ትቆጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ጥናቴን አበላሸህ፣ መዝገቡን አሳሳትክ ትላለች ብዬ። ብዕሯን አስቀመጠችና፣

«ሰውየው የት ነው ያለው?» አለችኝ።

በማግስቱ ኦብሳ ከሚባል፣ ቤት ለቤት ታማሚ ከሚከታተል የጤና ባለሙያ ጋር በባጃጅ ሄድን። የደቻቱን ወንዝ በድልድዩ ተሻገርን፤ የጉሌድን ሰፈር በስም ብቻ ነበር የማውቀው፣ እሱ እኔን ሲጠይቅ እኔ እሱን ጠይቄ አላውቅማ። አይሱዙው በር ላይ ቆሟል፣ ጎማው አቧራ ለብሷል። ባለቤቱ ሂቦ ከፈተችልን። ጉሌድ ምንጣፍ ላይ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ያ ትከሻ የለም። ሲያየኝ ሊነሳ ሞከረ።

«ጌትነት! ዋሪያ፣ አንተም ሰምተህ መጣህ?» አለኝ።

ምኑን እንደሰማሁ አላወቅሁም። ኦብሳ ነገሩን በሱማሊኛም በአማርኛም አስረዳ፦ ያን ጊዜ የአክታ ዕቃ መቀያየር ነበር፣ ያንተ ውጤት ለሱ ተሰጥቷል፣ አሁን ምርመራ ያስፈልግሃል፣ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ደግሞ መታየት አለበት። ወረቀቱን አወጣ።

«ስንት ናችሁ?»

«ስድስት» አለ ጉሌድ።

«አምስት» አለች ሂቦ።

ኢፍራህ ሞታ ዘጠነኛ ቀኗ ነበር። ራሷን አመማት፣ አስታወካት፣ ወባ ነው ተብሎ መድኃኒት ተሰጣት፣ ከዚያ አንገቷ ደረቀ፣ ከዚያ ዓይኗ ሰው መለየት አቆመ። አምስት ቀን ነው የፈጀው። ቲቢ ሕፃን ልጅ ላይ አንዳንዴ ጭንቅላት ውስጥ ይገባል፤ ያኔ ፈጣን ነው። ዘጠኝና አምስት አሥራ አራት ነው። እኔ የለም ባልኩ በሁለተኛው ቀን ነው የታመመችው። ዶክተር ሜሮን በኋላ ስነግራት፣ በሽታው ከዚያ በፊት ውስጧ የቆየ ነው፣ ያን ቀን ቢናገሩም መትረፏ አይታወቅም አለችኝ። አይታወቅም። ይህን ቃል እንደ ምሕረት ነው የሰጠችኝ።

«ልጄም በዚህ ነው?» ሲል ጉሌድ ኦብሳን ጠየቀው።

ኦብሳ ወረቀቱን እያየ «አሁን ማረጋገጥ አይቻልም» አለ።

ጉሌድ አልጮኸም። ቢጮኽ፣ አንገቴን ቢያንቀኝ፣ ምን በወደድኩ። ወደ እኔ ዞሮ «ቃሌን ጠብቄልህ ነበር» አለኝ። ሂቦ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች።

የጉሌድ ምርመራ ቲቢ አለበት አለ። ከቀሩት ልጆች አንዱ ላይም ተገኘ፤ እሱ ድኗል። እኔ በሦስተኛው ቀን ኪኒኔን ጀመርኩ። በሳምንቱ ተጋድሜ ተኛሁ፣ በወሩ ቀፊራ ድረስ በእግሬ ሄጄ የብዙነሽን ዘንቢል ተሸክሜ ተመለስኩ። ጥጥ ዳግመኛ አልነካሁም፤ አሁን የስፖንጅ ፍራሽ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሬ የእጄን ሙያ የገደለውን ዕቃ አሻሽጣለሁ። ብዙነሽ እውነቱን ስነግራት ያለችኝ አንድ ነገር ነው፤ «ለሱ በብርጭቆ፣ ላንተ በፕላስቲክ» አለችና ለልጅቷ አለቀሰች። ከጥናቱ ወጣሁ፤ ቲቢ ያልነበረበት ሰው እዚያ ጥናት ውስጥ ቦታ የለውም።

ጉሌድ መድኃኒቱን በሚወስድበት ወቅት ጠዋት ጠዋት ኒሙ ሥር እየሄድኩ አጠገቡ እቀመጥ ነበር። ሰላም ይለኛል። ከሰላም ሌላ ግን ቃል የለውም። ዘግይቶ ስለጀመረ አንደኛው ሳንባው አልተመለሰም፤ አይሱዙውን ሸጠ። መድኃኒቱን ሲጨርስ እሱ ወደ ጥናቱ ገባ።

ባለፈው ለቀጠሮዬ ሆስፒታል ስሄድ ኮሪደሩ ላይ ሲሄድ አገኘሁት። ስድስቱን ደቂቃ ነው። እጁን ግድግዳው ላይ እያሳረፈ፣ ሦስት ጊዜ ቆሞ፣ ጨረሰ። አብሬው ልሄድ ብነሣ አይቻልም አሉኝ፤ አጠገቡ ሰው ካለ ልኬቱ ይበላሻል። ከዚያ ከእኔ ሁለት ወንበር ርቆ ተቀመጠና መረጃ የምትሰበስበው ልጅ መጠይቋን አወጣች። ረጅም መጠይቅ ነው፣ አውቀዋለሁ።

«ከቤተሰብህ በቲቢ የሞተ ሰው አለ?»

«አለ። አንድ።»

«ዕድሜ?»

«አራት።»

«በሽታው ከማን ነው የተላለፈባት?»

«ከኔ» አለ ጉሌድ።

ብድግ አልኩ። «ልጄ፣ ከእኔ ብለሽ ጻፊ» አልኳት፤ ድምፄ ኮሪደሩን ሞላው፣ ትንፋሼ ደህና ነው። «በእኔ ምክንያት ነው። ጌትነት ብለሽ ጻፊ።»

ልጅቷ ደንግጣ መዝገቧን አገላበጠች። «ጋሼ፣ አንተ ጥናቱ ውስጥ የለህም እኮ» አለችኝ። «የሚጻፈው የሱ መልስ ነው። ተቀመጥ።»

ጉሌድ ወደ እኔ አልዞረም። ልጅቷም የነገራትን ጻፈችና ወደሚቀጥለው ጥያቄ ሄደች።

«ቤትህ ስንት መስኮት አለው?»

«ሁለት» አለ።